በበጋ የለመለሙት ግራሮች

አዋሽ ሰባት ኪሎ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምስክር፤

እንደምን ሰንብተህልኛል? የሰመራው ወበቅ ጋብ አለልህ ወይስ ዛሬም አንሶላህን ውኃ ነክረህ ነው የምትተኛው? እኔ አክስትህ፣ የላይኛው ክብሩ ይስፋና፣ ከጆሮዬ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ጁነዲን ነው። አራተኛ ክፍል ሳስተምረው በመስኮት መኪና ሲያይ የሚውለው ጁነዲን፣ አሁን ራሱ ተሳቢ እየነዳ ጅቡቲ ይመላለሳል። በሰመራ ባለፈ ቁጥር ሊያደርስልኝ፣ ሲመለስም መልስህን ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። ስልክ ያዢ፣ መልእክት ጻፊ እያልክ አትጨቅጭቀኝ። ጆሮዬ ከደነቆረ ወዲህ ስልክ ለእኔ ባትሪ ያለው ድንጋይ ነው። ጽሑፉን እንዳላነብ ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። ማሳችን ላይ ደግሞ ኔትወርክ የሚባል ነገር ደርሶ አያውቅም። ወረቀት ይሻለኛል።

መሬቱ እንደተንቀጠቀጠ ሰምተህ ይሆናል። አትደንግጥ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚፈራው ጉርምርምታውን ነው፤ እኔ እሱ ቀርቶልኝ አልጋዬ እሹሩሩ ሲለኝ ብቻ ነው የማውቀው።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርህ። አጎትህ ሀብተ ሥላሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ የተከላቸውን ሎሚዎች መቼም አትረሳም። ከሎሚዎቹ ወዲያ ያሉት ግራሮች ዝናብ ሲያቆም ቅጠላቸውን አራግፈው እሾህ ብቻ ነበር የሚቀራቸው። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ሄደ፤ እነሱ ግን ልክ በነሐሴ እንዳሉ ለምልመዋል። አዲስ ቅጠል ያወጣሉ! ፍየሎቼን ከፍየሎቿ ቀላቅላ የምትጠብቅልኝ ሃዋ፣ ያቺ አፋሯ ጎረቤታችን፣ ስታየው እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ “አልሐምዱሊላህ” አለች። ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት። የፍየሎቹ ጡት ተወጥሮ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

እናም በጋውን ከሃዋ ጋር ማሳው ላይ ላሳልፍ አስቤያለሁ። እዚያ ያለችውን ጎጆ አስጠግኛለሁ። የምለምንህ ነገር ቢኖር ደህና ነጠላ ጫማ ነው፤ እሾሁ ጨረሰኝ። ሌላው ጉዳይ፣ ትዳር የሚባለውን ማለቴ ነው፣ ካሰብክበት ጻፍልኝ፤ ካላሰብክበትም ዝም አትበለኝ።

ከመንገድ ክፉ፣ ከሰው ዓይን ይሰውርህ። ያሳደግኩህ እቴቴ፣

ሀብትነሽ

*

ሰመራ
ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እቴቴ፤

ሰላምታዬ ከእግርሽ እስከ ራስሽ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ወበቁ እንዳለ ነው፤ አንሶላው ግን አሁን ግማሽ ሌሊት ሳይደርቅ ይቆያል፤ ይህም መሻሻል ነው። ነጠላ ጫማውን ጁነዲን ይዞልሻል። ቁጥሩ ከጠበበሽ ለሃዋ ስጪያትና ሌላ እልካለሁ። ለእሷም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ስለ ግራሮቹ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እስቲ ትንሽ አብራሪልኝ። የለመለመው ግራር ብቻ ነው ወይስ ሎሚዎቹም? ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾኻማ ዛፍ ከሆነ አትቁጠሪው፤ እሱ ድርቅም ሆነ ዝናብ አረንጓዴነቱን አይለቅም። ልምላሜው በየቦታው የተበተነ ነው ወይስ እንደ መንገድ ተዘርግቶ የሚሄድ? ከግራሮቹ ሥር አፈሩን ስትነኪው ይሞቃል? እርጥብ ነው? በአካባቢው አዲስ ስንጥቅ አይተሻል? ደግሞ ካላስቸገርኩሽ ከለመለሙትና ካልለመለሙት ዛፎች ጥቂት ጥቂት ቅጠል በየፖስታው ለይተሽ ላኪልኝ። ለሥራ ስለምፈልገው ነው።

ጎጆዋ ውስጥ ለማደር ግን አትቸኩይ። አዋሽ ያለው ቤትሽ ይሻላል፤ ጎረቤት አለሽ፣ ጤና ጣቢያውም ቅርብ ነው።

ትዳርን በተመለከተ ዝም አትበለኝ ስላልሽኝ ዝም አላልኩም፤ ይኸው ጻፍኩ።

ልጅሽ ምስክር

*

ከማሳው
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ጫማው ልክ ሆኖኛል። ሃዋ እግሬን አይታ ሳቀች፤ ሙሽራ መስያለሁ አሉ።

አንተ ልጅ፣ ትንሽ ሳለህ አንድ ነገር ደብቀኸኝ እንደሆነ የማውቀው ጥያቄ ስታበዛ ነበር። ዛሬም አልተውከውም። ቢሆንም እንደ ተማሪ ተራ በተራ እመልሳለሁ።

የለመለመው ግራሩ ነው። ሎሚዎቹን ቦዩ ስለሚያጠጣቸው መለየት አልቻልኩም፤ ዳር ያሉት ሁለቱ ግን ቅጠላቸው ከሌሎቹ ይጠቁራል። ፕሮሶፒስን ከግራር የማልለይ መሰለህ? ልምላሜው መንገድ ይመስላል ያልከው እውነት ነው። ጉብታው ላይ ወጥቼ አየሁት። ከተራራው ግርጌ ተነስቶ፣ ፍየሎቹ ከነፋስ የሚጠለሉባትን ጎድጓዳ አቋርጦ፣ እስከ ፍል ውኃው አንድ አረንጓዴ መቀነት ተዘርግቷል። ከመቀነቱ ወዲህና ወዲያ ሁሉም ደርቋል። አፈሩ እርጥብ አይደለም። ይሞቃል፤ ግን በዚህ አገር የማይሞቅ አፈር የት አለ?

ቅጠሎቹን ልኬልሃለሁ። ሃዋ በፖስታ ውስጥ ቅጠል ስከት አይታ ልጅሽ ፍየል አረባ ወይ ብላኛለች።

ማሳው ላይ መሆኔን ከደብዳቤው ራስጌ አይተህ ትቆጣ ይሆናል። የአዋሹ ቤት ለጊዜው አይመቸኝም። እዚህ ወተቱ አለ፣ ጥላው አለ፣ ሃዋ አለች። አጎትህ በተከለው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሎሚ ሳሸት እውላለሁ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ደግሞ አንድ ነገር፦ ለአሮጊት የሚደበቅ ወሬ የለም። የጠየቅከኝ ለምን እንደሆነ ንገረኝ።

አምላክ አንደበትህን ይፍታልህ።

እቴቴ

*

ሰመራ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እቴቴ፤

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ጆሮዬን ይዘሽ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ያቆምሽኝ መሰለኝ። እሺ፣ እነግርሻለሁ።

ከመሬት በታች የቀለጠ ድንጋይ ወደ ላይ ሲገፋ፣ እሱ ከመድረሱ በፊት ጋዙ ቀድሞት ይወጣል። ከዚያ ጋዝ ብዙው ለስላሳ ስንከፍት ፉሽ የሚለው ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ዛፍ የሚመገበው እሱን እንደሆነ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። በስንጥቅ በኩል ከሥራቸው ሲሰርግላቸው ዛፎቹ ድግስ እንደተጠራ ሰው ይጠግባሉ፣ ይለመልማሉ። በሌሎች አገሮች ይህን የሚያጠኑ አሉ። ልምላሜውን ከሳተላይት እያዩ ተራራው ሳይፈነዳ ቀድመው ለማወቅ ይሞክራሉ። እኔም እዚህ መሥሪያ ቤት የግጦሹን ሁኔታ የምከታተለው በሳተላይት ምስል ስለሆነ ያልሽውን ቦታ ከፍቼ አየሁት። መቀነትሽ አለ፣ እቴቴ። ከሰማይም ይታያል።

እርግጠኛ ግን አይደለሁም። መንቀጥቀጡ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ሥሮቹ ገፍቶላቸው ሊሆን ይችላል። ቅጠሎቹንም አየኋቸው፤ ወፍራምና ጤነኛ ናቸው፤ ጤነኛ የሆኑት በምን እንደሆነ ግን አይናገሩም። ለአለቃዬ ለወይዘሮ መንበረ አሳየኋት። ብዙ ከተመለከተች በኋላ “ምስክር፣ ውኃ ነው ወይስ ጋዝ? ይህን ለይተህ አምጣልኝና አብሬህ እጮኻለሁ። ሳንለይ ብንጮህ ግን ነገ በእውነቱ ጊዜ የሚሰማን አናገኝም” አለችኝ። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም።

አንቺን ግን መለየት ሳያስፈልገኝ እለምንሻለሁ። ከዚያ ውጪ። ውጪ ስልሽ ነገ ተራራው ይፈነዳል ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት ጭራሽ ላይፈነዳ ይችላል። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ነፋስ በሌለበት ማለዳ እንደ ውኃ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። የጻፍሽልኝ ጎድጓዳ፣ ፍየሎቹ የሚጠለሉባት፣ መቀነቱ መሃል ላይ ናት። እዚያ አትውረጂ። ሃዋም አትውረድ። ፍየሎቹንም ከፍታ ላይ እሰሩ።

ሰመራ ነይልኝ። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን ማራገቢያው ይሠራል።

ልጅሽ ምስክር

*

ከማሳው
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምስክር፤

ደህና ነህ ወይ? ደብዳቤህ የዘገየው የጁነዲን መኪና በጅቡቲ መንገድ ዲቾቶ ላይ ጎማ አስተኝቷት ስለሰነበተች ነው። የእኔ መልስ የዘገየው ግን በጎማ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው? ልደት “ሥራ በዛ”፣ ፋሲካ “መንገዱ አይመችም”፣ የአጎትህ ሙት ዓመት “ጠበል ቅመሺልኝ”። አሁን ደግሞ ከሰማይ ላይ ሆነህ ማሳዬን ታያለህና ውጪ ትለኛለህ። ከሰማይ የሚያየኝ አንድ አለኝ፤ ይበቃኛል።

ውጪ ማለት ቀላል ነው። ሃዋ ፍየሎቹን ይዛ የት ትሂድ? ከዚህ መቀነት ውጪ ያለው ሁሉ አፈር ነው። ፍየል ደብዳቤ አይበላም። እኔስ እሷን ብቻዋን ጥዬ ጠባብ ክፍልህ ውስጥ ማራገቢያ ሥር ልቀመጥ?

የአዋሹን ቤት ነገር አሁን ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው ብትሰማ ይብስብሃል። በጥቅምቱ መንቀጥቀጥ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ መኝታ ቤቱ ሰማይ ያሳያል። ያልነገርኩህ ከሥራህ ተነስተህ እንዳትከንፍ ብዬ ነው። እና ጎጆዋ ከእሱ ትሻላለች፤ ብትወድቅ ሣር ነች።

ጎድጓዳዋን በተመለከተ ለሃዋ ነግሬያታለሁ። አላመነችኝም። ለሰው ልጅ የማይሸተት የማይታይ ነገር አለ ብሎ በጥቂት አማርኛና በእጅ ምልክት ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሞክረው። ግን ለእኔ ብላ ፍየሎቹን ጉብታው ላይ ማሳደር ጀምራለች።

ተናድጄም እወድሃለሁ። ጫማ አልጠይቅህም፣ ምንም አልጠይቅህም። ሸራ ካገኘህ ግን አንድ ላክልን፤ ጉብታው ላይ ነፋሱ በርትቷል።

እቴቴ

*

ሰመራ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፤

ሰላም ሳልል ብጀምር ይቅር በይኝ። ጁነዲን ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ዛሬ አዲሱን ምስል አየሁ። መቀነትሽ መሃሉ ላይ ቡናማ መሆን ጀምሯል። ጎድጓዳዋ ካለችበት ጀምሮ ዛፎቹ እየሞቱ ነው። ውኃ ቢሆን ኖሮ አይገድላቸውም ነበር። ጋዙ ሲበዛ አፈሩ ውስጥ የነበረውን አየር ያባርረዋል፤ ሥሩ ይታፈናል። ያለመለማቸው ነገር ነው አሁን የሚገድላቸው። ወይዘሮ መንበረ ይህን አይታ ስልኳን አንስታ ለሚመለከታቸው ሁሉ ትደውል ጀመር። መንቀጥቀጡም እንደገና እንደበረታ እዚህ ሰምተናል።

ጁነዲን መኪናው ባዶ ነው። የመኪናውን ባለቤት እኔ አናግሬ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ማሳው ድረስ ይመጣል። አንቺንም ሃዋንም ፍየሎቹንም ይጭናል። ሎሚ ካለሽም ጫኚ። ሳይጭንሽ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ፤ በአላህ ምሎልኛል።

ቁጣሽ ልክ ነው። መምጣት ነበረብኝ። እመጣለሁ።

ምስክር

*

ከመጠለያው
ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስክር፤

በሕይወት አለን። ከሁሉ በፊት እሱን እወቅ። ሃዋም አለች፣ ጁነዲንም አለ፣ ፍየሎቹም ከጥቂቶቹ በቀር አሉ። ዛሬ ልደት ነው። ድንኳን ውስጥ ነኝ፤ የጌታም ልደት ከዚህ የተሻለ ቤት አልነበረውም። እንግዲህ የሆነውን ልጻፍልህ፤ ጁነዲን ነግሮሃል ግን እሱ ከመሃሉ ነው የደረሰው።

ጁነዲን በመጣበት ቀን ማለዳ ነው። ነፋስ የሚባል አልነበረም። ከጎጆዋ ስወጣ ሃዋ ጉብታው ላይ ቆማ ወደ ታች ታያለች። ግልገሎቹ ከጉረኗቸው ሾልከው ጎድጓዳዋ ውስጥ ወርደዋል። ተኝተዋል። የተኙ ነበር የመሰለኝ፤ አንዷ አንገቷን በእህቷ ጀርባ ላይ አሳርፋለች። ሃዋ ዘወር ብላ አየችኝና መውረድ ጀመረች።

ምስክር፣ እኔ የሮጥኩት መቼ እንደነበር አላስታውስም። ያን ቀን ግን ሮጥኩ። ቀሚሷን ከኋላ ያዝኩት። እሷ ወጣት ናት፣ ጉልበት አላት፤ ሁለታችንም በቂጣችን ወደቅን። ትጮሃለች፤ አልሰማም። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ዕንባዋ እየወረደ ከንፈሯን ማንበብ አቃተኝ። ደረቴን መታችኝ። አልለቀቅኳትም። እንደ ጡንቻ የሚያገለግል ክብደት አምላክ ለእርጅና የሚሰጠው ለካ ለዚህ ነው።

ትንሽ ስትደክም “ቆይ” አልኳት፣ “ቆይ፣ ላሳይሽ።” ሻማ ብርጭቆ ሲደፋበት እንደሚጠፋ ክፍል ውስጥ አሳያችሁ የነበረው ትዝ አለኝ። ፋኖሱን ከጎጆው አምጥቼ ለኮስኩና በገመድ አሰርኩት። ከዳሩ ላይ በደረታችን ተኝተን ቀስ እያልኩ አወረድኩት። ነበልባሉ መጀመሪያ ረዘመ፣ ከዚያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጠፋ። ነፋስ የለም፣ ማንም እፍ አላለበትም። አወጣሁት፣ ደግሜ ለኮስኩት፣ ደግሜ አወረድኩት። እዚያው ከፍታ ላይ ሲደርስ ጠፋ።

ሃዋ ፋኖሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ግልገሎቹን አየች። ከዚያ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ጣለች። ከዚያ በኋላ ለማልቀስ እንጂ ለመውረድ አልተነሳችም።

ጁነዲን የደረሰው ቀትር ላይ ነው። አቧራውን ከሩቅ አይተን የመንግሥት መኪና መስሎን ነበር። ሲወርድ “ቲቸር፣ ወላሂ ሳልጭንሽ አልሄድም” አለኝ፤ ጢሙ ከንፈሩን ስለሚሸፍነው ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። የጎጆዋን በር ነቅሎ መወጣጫ አደረገው። ፍየሎቹ እንቢ አሉ። አንዲቷ ትልቅ ፍየል ወጥታ ገልመጥ ስታደርጋቸው ግን ሁሉም ተከተሏት። ከሎሚው አንድ ጆንያ ለቀምኩ። ዛፎቹን አንድ በአንድ ግንዳቸውን ነካሁ። ሀብተ ሥላሴን ቀብሬ ስመለስ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩት፤ ጁነዲንም ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ተፈናቃዮች ወደሰፈሩበት ወደዚህ አመጣን።

ከሄድን በኋላ ባሉት ቀናት ያን ሁሉ አገር በአውቶቡስና በጭነት መኪና አወጡት። ከዚያም መሬቱ ተሰንጥቆ እንፋሎት ወጣ። እዚህ ድረስ ነጭ ሆኖ ታየን። ሰዎቹ ጆሯቸውን ያዙ፤ የባቡር ዓይነት ድምፅ ነበረው አሉኝ። ጎጆዋ ወድቃለች ይባላል። ሣር ናት ብዬህ አልነበር?

እሳት ግን አልወጣም። እዚህ አንዳንዱ “እንፋሎት ነው፣ ይበርዳል፣ እንመለስ” ይላል። ሌላው አይሆንም ይላል። እኔን ሲጠይቁኝ ልጄ እንኳ አያውቅም እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ሳታውቅ “አላውቅም” ብለህ ጽፈህልኝ ስለነበር ነው ስለ ጎድጓዳዋ ያልከውን ያመንኩት።

ዕድሜህን እንደ ወንዙ ያርዝምልህ።

እቴቴ

*

ሰመራ
ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እቴቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ፤ እንኳን ተረፍሽልኝ። ደብዳቤሽን ለወይዘሮ መንበረ አነበብኩላት። ፋኖሱ ጋ ስደርስ መነጽሯን አውልቃ “እኚህን ሴትዮ ማየት እፈልጋለሁ” አለች። ከአንቺ ምስክርነትና ከምስሉ ጋር አንድ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። ልምላሜ ሁሉ አደጋ ነው እንዳይባል፣ ሁሉም ውኃ ነው ተብሎም እንዳይታለፍ፣ እንዴት አድርገን እንደምንጽፈው ገና አላወቅንም። ተራራው ጨርሷል ልልሽ አልችልም። መሬቱ ውስጥ የገባው የቀለጠ ድንጋይ እዚያው ቀዝቅዞ ሊቀር ይችላል፤ ዓመት ቆይቶ ሊነሳም ይችላል። ስለዚህ ሰዎቹ ሲጠይቁሽ ያልሽው ልክ ነው።

ስለ ግልገሎቹ ለሃዋ እግዜር ያጥናሽ በይልኝ። በእነሱም እንዲህ ይባል እንደሆነ አላውቅም፤ ቢሆንም በይልኝ።

ፈቃድ አግኝቻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፤ ስመለስ ይዤሽ ነው የምመለሰው። አሁን ሰበብ የለሽም፤ ቤትሽ ተሰንጥቋል፣ ጎጆሽ ወድቋል። አልጋ ገዝቻለሁ።

ልጅሽ ምስክር

*

ከመጠለያው
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስክር፤

በሰላም መግባትህን ጁነዲን ነግሮኛል። እግርህ የረገጠው ሁሉ ይባረክ፤ ይህ ድንኳን አንተ ከመጣህበት ወዲህ ሞቅ ብሏል።

መኪናው ተነስቶ፣ አንተ በሩን ከፍተህ እጅህን ዘርግተህልኝ ሳልሳፈር የቀረሁበትን ምክንያት ያን ጊዜ መናገር አቃተኝ። አንተም ፊትህን አዞርክ። አልጋህን የናቅኩ እንዳይመስልህ። እንደዚያ አይደለም።

ከድንኳናችን ጀርባ ያ ትልቅ ሸራ የተወጠረበትን አይተሃል። ልጆቹ ከትምህርት ከራቁ ወራት ሆኗቸው ነበርና አንድ ቀን ዝም ብዬ ከሰል ይዤ ካርቶን ላይ ሀሁ ጻፍኩ። ሁለት መጡ፤ በማግሥቱ ሸራው ሞላ። አስተማሪ ሆኜ እንዲህ ያለ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም። ልጅ ሊያናግረኝ ሲፈልግ አልሰማውም። ቢጮህ አልሰማውም። ስለዚህ ሊጠይቀኝ የፈለገ ሁሉ መጻፍ አለበት። አየህ? “ውኃ ጠማኝ” ለማለት ፊደል ይቆጥራሉ። አንዱ አንዱን ለመክሰስ ሲሽቀዳደሙ ግእዙን ከራብዑ ይለያሉ። ደህና ጆሮ በነበረኝ ዘመን ዓመት ይፈጅብኝ የነበረውን አሁን በሳምንታት ያደርሱታል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጆሮዬን የረገምኩት ሁሉ ጸጸተኝ።

አንድ ጠዋት አንዷ “ዛፎቹ ለምን ሞቱ” ብላ ጻፈችልኝ። አንተ የነገርከኝን አስተማርኳቸው፤ በጋ ላይ መሬቱ ሳይጠጣ ዛፉ ከጠገበ ለአዋቂ ንገሩ፣ ዝቅ ያለ ቦታ አትተኙ አልኳቸው። አሁን ቤት ሄደው ወላጆቻቸውን ያስተምራሉ።

ስለዚህ ልጄ፣ እኔ አልመጣም። ለዘላለም አላልኩም። አልጋውን አትሽጠው፤ ደግሞም ብቻህን አትተኛበት፣ ጉዳዩን ታውቀዋለህ። በየወሩ ና፤ ስትመጣ ቾክ ይዘህ ና፣ የቻልከውን ያህል።

ሃዋም ከልጆቹ መሃል ቁጭ ብላ ትማራለች። ፍየሎቿን ጠዋት አሰማርታ ከሁሉም ቀድማ ትገባለች። ዛሬ ላንተ እየጻፍኩ መሆኔን አይታ እርሳሱን ከእጄ ወሰደችው። ፊደሉን አሳየኋት፤ ቃሉ ግን የራሷ ነው። ግማሽ ቀን ፈጅቶባታልና እንዳትስቅ፦

ምስክር
ሀብትነሽን አንሰጥህም
ሃዋ